ናይትሮጂን ላይ ሁለት ነጥብ

ጥቅምት 26

ከአሥራ አንደኛ ክፍሎች ጋር የኬሚስትሪውን ሁለተኛ ምዕራፍ ጀመርን። አተሞች እንዴት እንደሚተሳሰሩ፣ ከተሳሰሩ በኋላ ምን ቅርጽ እንደሚይዙ። ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ምዕራፍ ይህ ነው። መጽሐፍ ሳልገልጥ አስተምረዋለሁ። ዘንድሮማ ባልገልጥ ይሻለኛል፤ የአዲሱ መጽሐፍ ኅትመት ፈዛዛ ነው።

ጠዋት ጭጋጉ አልነሣ ብሎ ሰሌዳው ከመካከለኛው ረድፍ ሲታይ ግራጫ ብቻ ነበር። የቦንጋ ጭጋግ ዘንድሮ ብሶበታል። ያደረሰኝ ባለባጃጅ ግን "ዛሬ ደግሞ እንዴት ጠርቷል" እያለ መጣ። ወሬ ለማሳመር ያህል ነው።

አዲስ ተማሪ አለችን። ለምያ ኸይረዲን ትባላለች፤ ከዋጫ ተዛውራ ነው። አባቷ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፍቷል። ቦታ የተገኘላት የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ጥቅምት 29

ፈለቀ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ሲመለስ የልጆቹን የቤት ሥራ ስገላብጥ አገኘኝ። ካገባኝ ጀምሮ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዛሬ "ይህ ሁሉ ነጥብ ምንድን ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ነጥብ ማለት ኤሌክትሮን ነው። ሁለት አተሞች ሁለት ነጥብ ከተጋሩ ይተሳሰራሉ። ማንም ያልተጋራቸው ነጥቦች ደግሞ በአተሙ ላይ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሎን ፔር እንላቸዋለን። ምንም አያስተሳስሩም፤ ግን ቦታ ይይዛሉ፤ ሌሎቹን ይገፋሉ። ቅርጹ የሚጣመመው በእነሱ ምክንያት ነው።

"እንደ ወንድምሽ ነዋ" አለ። "እሱም አንድ ነገር ሳያግዝ ሶፋውን ይዞ ሁላችንንም ግድግዳ አስጠግቶን ነበር።"

ሳቅሁ። ከዚያ "ለምን ወረቀቱን አፍንጫሽ ላይ ለጠፍሽው?" አለ። መብራቱ ኃይል የለውም አልኩት። ቀና ብሎ አምፖሉን አየ።

ኅዳር 4

የዘንድሮ ልጆች ነጥብ ሲያደርጉ እንደ ባቄላ ያሳብጡታል። እስክሪብቶ ማባከን ነው። የፊት ወንበሩን ኤሊን "ይህ ኤሌክትሮን ነው ወይስ ጉልቻ?" ብዬ ብጠይቀው "ለማሳመር ነው ቲቸር" አለ። ክፍሉ ሳቀ። አጠገቡ የምትቀመጠው ዝማሬ በካፍኛ አንድ ነገር ሹክ አለችው፤ አልሰማኋትም።

ደማቅ እስክሪብቶ ገዛሁ። የድሮው ቀለሙ ሳስቷል።

ኅዳር 10

ፈተና ሰጠሁ። የአሞኒያን ሥዕል ከነነጥቡ ይሠራሉ፣ ቅርጹን ይናገራሉ። የውሃንም እንዲሁ። ቀላል ነው። ናይትሮጂኑ ላይ ሁለቱን ነጥብ ያልረሳ ሰው ቅርጹን አይስትም።

ኅዳር 14

ቅዳሜ። በረንዳ ላይ ፀሐይ ይዤ ሳርም ዋልኩ። ዓይኔ ያለቅሳል። ጠመኔው ነው።

ልጆቹ ደህና ሠርተዋል። አንድ ነገር ግን ልቤን ቆርቁሮታል። የአዲሷ ልጅ፣ የለምያ ወረቀት። አሞኒያን ሠርታለች፤ ናይትሮጂኑ ላይ ነጥብ የለም። ባዶ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሞለኪዩሉ ጠፍጣፋ ነው ማለት ነበረባት። እሷ ግን ፒራሚድ ብላለች፤ ትክክለኛው መልስ ፒራሚድ ነው። ውሃውም ላይ ነጥብ የለም፤ "የታጠፈ" ብላ ጽፋለች፤ እሱም ትክክል።

ያለ ነጥቡ ወደዚያ መልስ የሚያደርስ መንገድ የለም። መንገዱን ሳይሄድ የደረሰ ሰው ሌላ ሰው ተሸክሞት ነው። ኮርጃለች።

ዜሮ ሰጠሁ። ሳልወድ ነው። በጣም ቀጭን የእጅ ጽሑፍ አላት፣ ንጹሕ። ንጹሕ ጽሑፍ ያለው ልጅ ሲኮርጅ የበለጠ ያናድደኛል።

ኅዳር 16

ወረቀት መለስኩ፤ ማርካቸውን አይተው እንዲመልሱልኝ ነው። ለምያ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

"ቲቸር፣ ነጥቦቹ አሉ።"

"የት?"

"እዚህ።" ጣቷን አስቀመጠች።

ጣቷን አየሁት።

"አሁን የጨመርሽውን አልቆጥርም" አልኳት።

ወረቀቱን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ወላጅ ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ኤሊ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጥቶ "ቲቸር…" አለና "ምንም" ብሎ ተመለሰ።

ኅዳር 18

አባቷ ጋሽ ኸይረዲን መጡ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

"መምህር አይሳሳትም" አሉ። "የተሳሳተችው ልጄ ናት። ይቅርታ ጠይቂ።"

"ይቅርታ" አለች። ለማታውቀው ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው ነበር አባባሏ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ማዕረግ የኩረጃ ጥፋት መዘገቡባት። አባቷ ሲወጡ "ሳይንስ ከከበደሽ ሱቁ አለ፤ ማንም አያስገድድሽም" ሲሏት ሰማሁ። በቁጣ አይደለም። ያ ነው የከበደኝ።

ደንቡን ነው የተከተልኩት።

ኅዳር 20

ዮሴፍ ሻይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን እሱም ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ አሥረኛ ክፍል።

"እትዬ ጽጌ፣ ወረቀት ሲበዛብዎት ላግዝዎት።"

"በዝቶብኛል ያለህ ማነው?"

"ማንም። እንዲሁ ነው።"

"ወረቀቴን ሰው አርሞልኝ አያውቅም።"

"አውቃለሁ" አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ክፉ መልስ ነው የሰጠሁት። ግን አሥራ አንደኛ ክፍልን እንደሚፈልግ ስታፉ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ወረቀት፣ በማግስቱ ክፍል።

ኅዳር 24

ዘዴ አገኘሁ። ሥዕሉን ትተን ሞለኪዩሉን በእጅ እንሥራ አልኳቸው። ዝማሬ ቤተሰቦቿ ማንኪራ ጫካ ንብ አላቸው፤ አንድ ድፍን ሰም ይዛ መጣች። ትልቁ ድቡልቡል ናይትሮጂን፣ ትንንሾቹ ሃይድሮጂን፤ በስንጥር ይያያዛሉ። ስንጥሩ የተጋሩት ጥንድ ነው። ያልተጋሩት ነጥቦች ጥሬ ቡና ናቸው፤ አንድ ፍሬ አንድ ኤሌክትሮን፤ ሰሙ ላይ ይጫናሉ። የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ቡና የሌለው ኪስ የለም።

እየዞርኩ በእጄ እየዳሰስኩ አረምኩ። አንድም አላመለጠኝም። "ኤሊ፣ ኦክስጅንህ አንድ ፍሬ ጎድሎታል።" "እዚያው ወድቆ ነው ቲቸር፣ እየፈለግሁት ነው።" "ኤሌክትሮን አይወድቅም።" እንደዚህ ያለ ክፍለ ጊዜ ከኖረኝ ቆይቷል።

ከዚህ በኋላ ፈተናውም በዚሁ ይሆናል።

ታኅሣሥ 1

አቶ ማዕረግ ክፍል ገብተው ከኋላ ቆመው አዩ። ሲወጡ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። "የአካባቢ ቁሳቁስ! ተማሪ ተኮር! ይህን የት ደብቀሽው ነው፣ ጽጌ?" ለዞን ደወሉ። ምርጥ ተሞክሮ ሆኖ ይቀመር ተባለ።

ስም ስጠራ ከኋላ ወንበር መልስ የለም። "ለምያ ሱቅ ናት ቲቸር" አለ ኤሊ። ሰሞኑን አትመጣም።

ታኅሣሥ 4

ከዞን ደብዳቤ መጣ። አቶ አብዮት የሚባሉ ባለሙያ መምህራን ይዘው ይመጣሉ፤ ከዋጫም ጭምር። ማሳያ ትምህርት አቀርባለሁ። አቶ ማዕረግ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። እንዲያነቡልኝ አልጠየቅሁም።

ለምያ አልመጣችም።

ታኅሣሥ 8

ወደ ሱቁ ሄድኩ። ስኳር ልገዛ ነው።

ለምያ ሽርጥ አድርጋ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። አባቷ አልነበሩም። መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት አንዱን አንስቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

"ጨው ነው፣ ቲቸር" አለች።

"አውቃለሁ። ጨውም እፈልጋለሁ።"

ስኳሩን አምጥታ ጨዉ አጠገብ ሳይሆን እጄ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ስወርድ "ሁለት ነው ደረጃው" አለች፤ ለእኔም ሆነ ለሌላ ሰው መናገሯ በማይታወቅ ድምፅ።

ስለ ትምህርቷ ላነሣባት ነበር የሄድኩት። አላነሣሁም። ቤታችን ውስጥ አሁን ብዙ ጨው አለ።

ታኅሣሥ 11

ጥድፊያ። ባነር፣ ሻይ፣ ወንበር። አቶ ማዕረግ በስላይድ ይቅረብ አሉ፤ እምቢ አልኩ። ቡናና ሰም ስላይድ አይፈልግም አልኩ። "እውነትሽን ነው፣ ተፈጥሯዊ ይሁን" አሉ። የምለው ሁሉ ይያዝልኛል።

ለምያ ከሳይንስ ወደ ሶሻል ክፍል ለመዛወር ማመልከቻ አስገብታለች። ከጥር በፊት ይወሰናል።

ታኅሣሥ 13

እሑድ። ሰም ለመጨመር ከዝማሬ ጋር ማንኪራ ወጣን። የጫካው መንገድ ተበላሽቷል፤ ሥሩ ሁሉ ወጥቷል። ዝማሬ ቀድማኝ እየሄደች "እዚህ ጋ ድንጋይ"፣ "እዚህ ጋ ውሃ" ትላለች። ልጅቷ ወሬ ትወዳለች።

እናቴ የኖረችበትን ቤት በሩቅ አለፍን። መጨረሻዋ አካባቢ ደጅ ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ ወድቆ፣ "ይህ ጭጋግ መች ነው የሚነሣው?" ትል ነበር። እርጅና ነው አልን። እኔ ያኔ የሳይንስ ተማሪ ነበርኩ።

ሰሙ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ።

ታኅሣሥ 18

አለቀ። በዝርዝር ልጻፈው።

ክፍሉ ሞላ። ልጆቹም እንግዶቹም አሞኒያን፣ ውሃን፣ ሚቴንን ሠሩ። እየዳሰስኩ አረምኩ፤ እንግዶቹ ጻፉ። አቶ አብዮት ደስ አላቸው። ተጫዋች ሰው ናቸው። "እኚህ መምህርት ዓይናቸውን ተሸፍነውም የሚያርሙ ይመስለኛል" አሉ። ሰው ሳቀ። አንዷ መምህርት ሻርፗን አወለቀች።

ዓይኔ ላይ አሰሩልኝ። ሞለኪዩሎቹን አንድ በአንድ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "አሞኒያ።" "ውሃ።" "ይህ ውሃ አይደለም፤ አንድ ጥንድ ጎድሎታል። የሠራው የዋጫ መምህር ነው፤ ልጆቼ እንደዚህ አይሳሳቱም።" ጭብጨባ። ስልክ ይቀርጻል።

በሻርፑ ሥር ዝምታ ነበር። ማንበብ የለ፣ ማስመሰል የለ። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ዐርፌ አላውቅም።

ከዚያ ከፊት ወንበር፣ በካፍኛ፣ የዝማሬ ድምፅ፦ "ሳይሸፈኑም ያው ነው።" ኤሊ "ዝም በይ፣ ይሰማሉ" አላት።

ሻርፑን ሲፈቱልኝ ፈገግ አልኩ። ሰርተፍኬት ሰጡኝ። አቶ አብዮት ምን እንደተጻፈበት እንዳነብላቸው ሲጠይቁ ዮሴፍ ከእጄ ተቀብሎ አነበበው። "እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ማወደስ ያፍራሉ" አለ።

ታኅሣሥ 19

ቅዳሜ። ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። መሳቢያዬን ከፍቼ የለምያን ወረቀት አወጣሁ። በፀሐይ ያዝኩት። ባዶ ነው። አስጠጋሁት። ባዶ።

ገለበጥኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባውን በጣቴ ዳሰስኩ። እስክሪብቶ ወረቀት ሲወጋ ከኋላ ጉብታ ይተዋል። ናይትሮጂኑ ካለበት በላይ፣ ሁለት። ኦክስጅኑ ካለበት፣ ሁለት፣ ወዲያ ማዶ ሌላ ሁለት። እያንዳንዱ በቦታው።

በኋላ ጨምራው ይሆናል ብዬ ልጽፍ ነበር። ያን ቀን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛዬ እስክትደርስ እስክሪብቶ አልያዘችም። ያኔም አይቼዋለሁ። ያን ያህሉን አያለሁ።

ለዮሴፍ ደወልኩለት። የክፍሉን ወረቀት ሁሉ ሰጠሁት። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ እስከ ቀትር አረመው።

"የሌሎቹ ሁሉ እርማት ትክክል ነው" አለ። "ስህተቱ የእሷ ላይ ብቻ ነው።"

"ለምን የእሷ ብቻ?"

"የሌሎቹ ነጥብ እኮ ከበሩ ይታያል፣ እትዬ ጽጌ።"

ታኅሣሥ 21

ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳልይዝ ነገርኳቸው። ለምያ አልኮረጀችም። ነጥቦቹ ነበሩ። ያላየሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።

ማንም አልደነገጠም። ኤሊ ተነሣ።

"ቲቸር፣ እናውቃለን። ከመስከረም ጀምሮ እናውቃለን። እንዳይቸገሩ ብለን ነው ነጥቡን ትልልቅ የምናደርገው። ክፍሉ ተነጋግሮ ነው።"

"ለምያስ?"

"እሷ ከዋጫ ዘግይታ መጣች።" ወደ ዝማሬ ዞረ። ዝማሬ ጠረጴዛዋን እያየች "አንቺ ንገሪያት፣ አንተ ንገራት ስንባባል ቀረ" አለች። "ያን ቀን ደግሞ ብንናገር እርስዎን ማሳጣት ሆነብን።"

ተቀመጡ አልኳቸው። ከኤሊ በቀር ሁሉም ተቀምጠው ነበር።

ለእኔ ብለው ነው። የከፈለችው ግን የኋላ ወንበሯ ልጅ ናት።

ታኅሣሥ 22

አቶ ማዕረግ በር ዘጉ።

"ማርኩን አስተካክዪው። ሌላውን ተዪው።"

"የኩረጃው ጥፋትስ?"

"እሱን በይቅርታ እናልፈዋለን።"

"ምን አድርጋ ነው ይቅር የምትባለው?"

እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። "ጽጌ፣ ቪዲዮው ዞኑን አዳርሷል። ሰዎቹ ከበዓል በኋላ በሌሎቹ ወረዳዎች ሊያሠለጥኑበት ነው። አሁን የማያዩ መምህርት ናቸው ሲባል ምን ይሉኛል? አንድ ወር ቆዪ። ከዚያ ቀስ ብለን…"

አንድ ወር ማለት የለምያ ማመልከቻ ይጸድቃል ማለት ነው። እሳቸውም ያውቃሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእኔም አስበው ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ ለእኔ ያስባል።

ጥፋቱ በተጻፈበት ገጽ ላይ፣ ከሥሩ፣ በደማቁ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ መምህርቷ ስለማታይ ተማሪዋን ያለ ጥፋቷ ከሳለች። መስመሩን ስቼ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ይነበባል። ፈረምኩ። አሥራ አንደኛ ክፍልን ዮሴፍ እንዲይዘው ጠየቅሁ። አቶ ማዕረግ ገጹን አነበቡና "እሺ" አሉ።

ለፈለቀ ነገርኩት። ጅማ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ካስያዘልኝ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነገረኝ። "እምቢ ስለምትይ ነው ያልነገርኩሽ" አለ። ሰኞ እንሄዳለን። ጭጋጉ ሊነሣ የሚችል ነገር ይሁን አይሁን አይቶ የሚናገረው ሐኪሙ ነው።

ታኅሣሥ 23

ሱቁ በገበያተኛ ተጨናንቆ ነበር። ሰው እስኪወጣ ልጠብቅ ብዬ በር ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ መጠበቁ ራሱ መደበቅ መሰለኝና ገባሁ።

"ጋሽ ኸይረዲን፣ ልጅዎ አልኮረጀችም። የሠራችው ሁሉ ትክክል ነበር። እኔ ዓይኔ አያይም፤ ያየሁ አስመስዬ ከሰስኳት። መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ።"

ዘይት የሚገዛው ሰውዬ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ኸይረዲን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"መምህር አይሳሳትም ብዬሽ ነበር" አሏት። "አንቺ ነጥቡ አለ እያልሽኝ።"

ለምያ ምስር እየመዘነች ነበር። ሚዛኑ እስኪቆም ጠበቀች።

"አዎ" አለች።

"እኔንም ይቅር በይኝ" አሏት አባቷ።

ምስሩን ቋጥራ ለገዢዋ ሰጠች። ይቅርታውን መቀበሏን አልተናገረችም፤ አባቷም አልደገሙም። እኔም የራሴን ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ከአባቷ በኋላ ሲሆን ቀለለብኝና ተውኩት። ሌላ ቀን ብቻዋን ስትሆን እጠይቃታለሁ።

"ከሳይንስና ከሶሻል የትኛውን እንደምትማሪ የምትመርጪው አንቺ ነሽ" አልኳት። "ነገ ግን የኬሚስትሪ ፈተና አለ። በወረቀት ነው።"

"የሚያርመው ማነው?"

"ቲቸር ዮሴፍ።"

"እሱ ያያል?"

"ያያል።"

ሽርጧን ፈታ ለአባቷ ሰጠቻቸው።